አራተኛው ስም

(በየካቲት 12 ዋዜማ ለወጣቶቻችን የተደረገ ንግግር ነው። አዳራሹ ውስጥ ላልነበራችሁ እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል።)

 

ከወሬው በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። መታወቂያችሁን አውጡ። የቀበሌም ይሁን፣ የተማሪም ይሁን፣ ፋይዳም ይሁን፣ ያላችሁን አውጡና ስማችሁን አንብቡ። ሦስት ስም ነው። የመጀመሪያው ያንተ፣ ሁለተኛው የአባትህ፣ ሦስተኛው የአያትህ። እሺ፤ አራተኛውስ ማነው?

ዝም አላችሁ። ጥቂት እጅ አያለሁ፣ ጎበዞች። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው እስከ ሰባት ትቆጥራለህ? ተባረክ፣ ያሳደገህም ሰው ይባረክ። የቀራችሁት ግን እርስ በርስ ትተያያላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ እዚያው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይሻገራል። እኛ ጋ ልጅ በተወለደ ቁጥር ከፊት አንድ ስም እንጨምራለን፣ ከኋላ አንድ ስም እንጥላለን። አንተ ነገ ወልደህ ልጅህ መታወቂያ ሲያወጣ አያትህ ከወረቀቱ ላይ ይወርዳሉ። ማንም አልጠላቸውም፣ ማንም አልበደላቸውም፤ ቦታ የለም፣ በቃ። ድሮ ወረቀቱ የጣለውን አፍ ይይዘው ነበር። ልጅ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ እያለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር። ለጋብቻም ያስፈልግ ስለነበር ቀልድ አልነበረም። ዛሬ ወረቀቱም ጣለው፣ አፉም ተወው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላህ ልጅ፣ አባትህ በ1960ዎቹ ቢወለድ፣ አያትህ በ1930ዎቹ ቢወለዱ፣ የአያትህ አባት በ1929 ዓ.ም. ስንት ዓመታቸው ነበር? ወጣት ነበሩ። ምናልባት ያንተ እኩያ ነበሩ። ነገ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ይዘን የምንቆምላቸው ሰዎች ያ ትውልድ ነው። ከመታወቂያህ የጎደለው አራተኛው ስም ማለት እሱ ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ አላረዝመውም። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። ግራዚያኒ የኢጣሊያው አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለወለደ የደስታ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ገነተ ልዑል ግቢ ሰበሰበ፤ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ማለት ነው። ለምጽዋት የሚመጣ ማነው? ድሃ፣ ዓይነ ስውር፣ እግሩ የማይሄድለት፣ አሮጊት፣ ሽማግሌ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፣ ግራዚያኒ ቆሰለ። ወዲያው ግቢው ውስጥ በነበረው ሰው ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያም ከተማው ለሦስት ቀን ለገዳይ ተለቀቀ። ሰው በጥይት፣ በጩቤ፣ በአካፋ ተገደለ። ጎጆው ቤንዚን እየተርከፈከፈበት ሰው ውስጡ እያለ ነደደ። ስንቱ ደግሞ እየታፈሰ ሶማሊያ ዳናኔ፣ ቀይ ባሕር ኖኩራ ደሴት ድረስ ተጋዘ፤ ብዙው ከዚያ አልተመለሰም።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ገጾቻችን ላይ ምን እንደሚሆንም ታውቃላችሁ። ፖስት ይለጠፋል። ሻማ፣ ባንዲራ፣ ክብር ለሰማዕታት። ከሥር ኮሜንቱ ይጀምራል። አንዱ የሞተው 30 ሺህ ነው ይላል፤ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ቁጥር ነው። ሌላው አይ፣ ኢያን ካምቤል አጥንቶ 19 ሺህ ገደማ ነው ብሏል ይላል። ሦስተኛው ይመጣና አብርሃና ሞገስ የማን ወገን ናቸው የሚል እሳት ይለኩሳል። ከዚያ በኋላ ስድብ ነው። አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ከላይ እስከ ታች። ከሁለቱ ወርዋሪዎች በቀር የአንድም ሟች ስም አላገኘሁም። ሁለቱን በታክሲው የረዳቸውን ስምዖን አደፍርስን እንኳ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እሱም ተይዞ፣ ተሠቃይቶ ነው የሞተው።

ቁጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቁጥር ማስረጃ ነው፤ ዓመታት ፈጅተው የቆጠሩልንን ሰዎች አመሰግናለሁ። ግን ለቁጥር የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሶ ቤት ስትገቡ ስንት ሞተ ነው የምትሉት ወይስ ማን ሞተ? ቁጥር እኮ ገዳዩም ያውቃል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሲያስጨፈጭፍ ግራዚያኒ ለሮማ በቴሌግራም አሳወቀ፦ 297 መነኮሳት። ቆየት ብሎ ደግሞ 129 ዲያቆናት። በኋላ ያጠኑት ሰዎች የሟቹ ቁጥር ከዚያ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ነው የሚናገሩት። ሰውዬው ግን ቢያንስ ቁጥር ጽፏል። ስማቸውን እሱ ይጻፍልን ብለን አንጠብቅም መቼም።

አባቶቻችን ሞትን በአንድ ቀን አይጨርሱትም ነበር። ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰባተኛ ዓመት እንኳ አለ። በየቀኑ ካህኑ የሟቹን ስም ያነሣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ድሃ ይበላል። በሙስሊም ወንድሞቻችንም ቤት ዱዓ ይደረጋል፣ ሰደቃ ይወጣል፣ ለእገሌ ተብሎ። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ቢኖር እንኳ ልብሱ ወይ ጋሻው ወይ ፎቶው ተይዞ ይለቀስለታል። የየካቲት 12 ሰዎች ግን ሠልስት አልወጣላቸውም። ሦስተኛው ቀን ራሱ፣ እሑድ፣ የግድያ ቀን ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ የአባቴ እናት። እምዬ ነበር የምንላት። እምዬ በዓመት አንድ ቀን፣ የካቲት አሥራ ሁለት፣ ንፍሮ ትቀቅል ነበር። ስንዴና ባቄላ፣ ሲገኝ ሽምብራ። ከዋዜማው ትዘፈዝፈዋለች፣ ጠዋት በትልቁ ድስት ትጥደዋለች። ከዚያ በር ላይ ወጥታ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ትጠራለች፣ በእፍኝ በእፍኝ ታድላለች። እኛም ኪሳችንን ሞልተን እንሮጣለን። የሱሪያችን ኪስ ርሶ ቀኑን ሙሉ ባቄላ ባቄላ ይሸታል። ለማን እንደምትቀቅል የጠየቃት ልጅ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳት። ንፍሮ የለቅሶ እህል መሆኑን ያስተዋልኩት እንኳ ካደግኩ በኋላ ነው።

እምዬ ሰማንያ ዓመት አልፏት ሞተች። ቀብሯ ላይ የደረሰብንን ውርደት ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳይደርስባችሁ። ድንኳን ተተክሏል፣ የእድሩ ሰዎች ወንበር ይደረድራሉ፣ ቄሱ ለፍትሐት መጡና የክርስትና ስማቸው ማነው አሉ። አባቴ አጎቴን አየው። አጎቴ አክስቴን አያት። ስድስት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት፣ ስድስቱም ቆመው አንዳቸውም አያውቁም! ቄሱ ይጠብቃሉ። ቤት ሙሉ ሰው ይጠብቃል። በመጨረሻ አንዲት የሰንበቴ ማኅበርተኛዋ ጓሮ ሽንኩርት ሲከትፉ ነበርና ተጠርተው መጡ። ቢላውን እንደያዙ፣ ዓይናቸው በሽንኩርቱ እያለቀሰ፣ ስሟን ነገሩን። ምን ሆናችኋል እናንተ ልጆች፣ አሉን ደግሞ። እኒያ እናት ዕለቱን ታመው ቢቀሩ ኖሮ እምዬ ያለ ስሟ ነበር የምትሸኘው።

በማግሥቱ ዓመት የካቲት አሥራ ሁለት ቤቱ ጸጥ አለ። ድስት የለም፣ ጭስ የለም። የሰፈር ልጆች ልማዳቸው ነውና መጥተው በር ላይ ቆሙ። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ብስኩት ገዝቼ ሰጠኋቸው። ያን ዕለት ማታ አክስቴን ጠየቅኳት። እምዬ ንፍሮውን ለማን ነበር የምትቀቅለው?

ለጋሼ ነዋ፣ አለች።

ጋሼ ማነው?

ወንድሟ። ጣሊያን ጊዜ የቀረው።

እምዬ ያኔ ስድስት ወይ ሰባት ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ አሥራ ሰባት ቢሞላው ነው። ጎረቤታቸው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ መንግሥት ምጽዋት አለ ሲባል ሽማግሌው በትራቸውን ይዞ የሚመራቸው ሰው አጡ። ጋሼ እኔ አደርስዎታለሁ አለ። ለራሱ ምንም ሊቀበል አልሄደም፣ ሰው ሊመራ ነው የሄደው። ሁለቱም አልተመለሱም። እናታቸው ትንንሾቹን ይዛ ሦስት ቀን ተደብቃ ስትወጣ የሚቀበር ሬሳ አላገኘችም። ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤትም አልነበረም፣ ተቃጥሏል። ጮኸው እንዳያለቅሱ ደግሞ የጮኸ ሰው ማነው የሞተብህ ተብሎ ይጠየቃል። ያ ያልተቀመጡት ለቅሶ ነው በዓመት አንዴ ድስት ላይ የሚወጣው። እኔ ደግሞ ኪሴን ሞልቼ እሮጥ ነበር።

እሺ፣ ስሙስ ማነው አልኳት። ጋሼ መቼም ስም አይደለም።

አክስቴ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። አታውቅም። አባቴም አያውቅም። እምዬ ስሙን ጠርታው አታውቅማ! ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፣ ነውር ነው። ጥርሷ አልቆ፣ ዓይኗ ፈዞ፣ የልጅ ልጅ አይታ እንኳ ያንን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋሼ እያለች ነበር የምትጠራው።

ይሄን ነገር ስሙኝ። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እታለም፣ ወንድም ጋሼ። እነዚህን አጠራሮች እወዳቸዋለሁ፣ በልጆቼም አፍ እንዲኖሩ እፈልጋለሁ። ግን እኛ ቤት ስሙን የቀበረው እሱ ነው፤ ክብራችን። ፋሺስቱ ሰውየውን ገደለው፣ ስሙን ግን እኛው ነን ያጠፋነው። ይሄን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም።

ፈለግኩ። ክርስትና ተነሣበት የሚባለው ደብር ድረስ ሄድኩ፣ የዚያ ዘመን መዝገብ የለም። የቤት ዳዊት ቢኖር ባዶው ገጽ ላይ የልጆች ስም ይጻፍበት ነበር፣ እሱም ከቤቱ ጋር ነዷል። ዕድሜያቸው የገፉ የዚያ ሰፈር ሰዎች ጠየቅኩ። አንዲት እናት እጄን ይዘው፣ ልጄ፣ ዓምና ብትመጣ እህቴ ታውቀው ነበር አሉኝ። ዓምና! አንድ ዓመት ነው ያመለጠኝ። የአባቱን ስም አውቃለሁ፤ የእህቱም አባት ናቸውና እምዬ መታወቂያ ላይ አለ። የአያቱንም እዚያው አገኘሁ። የጎደለኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ የራሱ። ልጅ ሳለሁ እፍኜን ዘርግቼ እምዬ ለማን ነው ብል፣ ስሙስ ማን ነበር ብል፣ ዛሬ እዚህ ቆሜ ጠርቼላችሁ ነበር።

እና ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ የአባትህን መታወቂያ አውጣ። ሦስተኛው ስም ያንተ አራተኛ ነው። የእናትህንም አውጣ፤ የእሷ ሦስተኛ ስም በእናትህ በኩል ቅድመ አያትህ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። አስቸጋሪዎቹ ሴቶቹ ናቸው። እናትህ ስምህ ተርታ ውስጥ የለችም። የአያትህ እናት ማንም መታወቂያ ላይ የለችም። የልደት ሰርተፊኬት የእናት ስም ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ግን በመላ አገሪቱ ወጥ ሆኖ መመዝገብ የተጀመረው ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ ለቅድመ አያትህ አይደርስላትም። እነዚህን ሴቶች ከሰው አፍ ካልጠየቅካቸው ሌላ የትም አታገኛቸውም።

አጠያየቁንም ልንገራችሁ፣ እኔ ብዙ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ደብተር ይዛችሁ እንደ መርማሪ ፊታቸው አትቀመጡ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲጠየቅ ምን ሊያደርግልህ ነው ይልና ይዘጋል። ቡና ሲፈላ ጠጋ በሉ። ማን ሞተ አትበሉ። ልጅ ሆነሽ ከማን ጋር ነበር የምትጫወቺው በሏት። ማን ነበር የሚቆጣሽ? ሠርግሽ ላይ ሚዜሽ ማን ነበረች? ስሙ ራሱ ተከታትሎ ይመጣል። ጋሼ ሲሉ፣ እትዬ ሲሉ እዚያ ላይ ቁሙ፦ ሌላው ሰው ምን ብሎ ነበር የሚጠራው? ይቺን አንዲት ጥያቄ ከእኔ ውሰዱ፣ ዋጋዋን ከፍዬባታለሁ። የክርስትና ስማቸውንም በሕይወት እያሉ ጠይቁ። ሲያለቅሱ አትደንግጡ፣ ተይው በቃ ብላችሁም አታቋርጧቸው። ሰማንያ ዓመት የቆየ እንባ ነው፣ ይውጣ።

የምትሰሙትን በስልክ ቅዱት፣ ጥሩ ነው። ግን ስልክ ይሰረቃል፣ እናንተ ደግሞ በየስድስት ወሩ ስልክ ትቀይራላችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉት። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባው ላይ በእርሳስ ማን እንደሆነ ጻፉበት፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ፎቶ ስንት ቤት እንዳለ ብታዩ! የእድር መዝገብም አትርሱ። የሰፈራችሁ የእድር ጸሐፊ ማን መቼ እንደሞተ ከማናችንም በላይ ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይሄን ለወጣቱ በግልጽ መናገር አለብኝ። ስም ስትፈልጉ ሟች ብቻ አይመጣም፣ ገዳይም ይመጣል። የጣሊያን ባንዳ የነበረ ዘመድም ይመጣል። ፖስት ላይ ሁላችንም የአርበኛ የልጅ ልጆች ነን። ታዲያ ያ ሁሉ ባንዳ ሳይወልድ ሞተ እንዴ? ቤታችሁ ውስጥ ያልጠበቃችሁትን ሰው ብታገኙ አትደብቁት፣ ጻፉት። ደግሞም የሟችን ስም ስታገኙ በሌላ ሰው ልጅ ላይ እንደ ድንጋይ አትወርውሩት። እምዬ ጋሼን ስታስብ ማንንም አልሰደበችም፤ ልጅ ጠርታ አበላች።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያልገባችሁ ግቡ። እውነቴን ነው፣ እኔን ከትልልቆቹ ሐውልቶች ሁሉ የነካኝ እሱ ነው። ግድግዳ ሙሉ ፎቶ። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተገደሉ የእናንተ እኩዮች ናቸው። ለልጇ ማልቀስ የተከለከለች እናት ነበረች ያኔ። ያ ጉርድ ፎቶ ግን ከብርበራ ተርፎ፣ ሳጥን ሥር ተቀምጦ፣ ዛሬ ድረስ ደርሷል። አንድ ፎቶ ፊት ቆማችሁ ስሙን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሰው ቢያያችሁ አትፈሩ።

ስለ እናንተ ስለ ራሳችሁ ሟቾችም ላንሣ። የሞተ ጓደኛ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፌስቡክ በየዓመቱ ዛሬ ልደቱ ነው ይላችኋል። ገጹ ላይ ገብታችሁ ናፍቀኸኛል ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ትልልቅ ሰዎች ይስቁበታል፣ እኔ አልስቅም፤ የዘመናችሁ ሙት ዓመት ነው። ግን አር አይ ፒ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ያን ዕለት እናቱ ጋ ሂዱ። ስለ ልጇ እሷ የማታውቀውን አንድ ነገር ንገሯት፤ ክፍል ውስጥ ምን አድርጎ እንዳሳቃችሁ፣ ማንን ይወድ እንደነበር። እናት ከሞተ ልጇ ዘንድ አዲስ ወሬ የሚያመጣላት ሰው የለም።

ሪያድ፣ ቤሩት፣ ዱባይ ሆናችሁ የምትሰሙኝ እህቶቼ፣ መርዶ በስልክ የደረሳችሁ፣ ሰው ቤት ሳህን እያጠባችሁ የእናታችሁን ሞት የሰማችሁ። ነጠላ ዘቅዝቃችሁ አልተቀመጣችሁም፣ የሚያጽናናችሁ አልመጣም። አሠሪዋ ምን ሆንሽ ስትላት ሽንኩርቱ ነው ያለች ልጅ አውቃለሁ። እግዜር ያጥናችሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይባላል። ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው። ብር የላካችሁ ዕለት ስልክ ቶሎ ይነሣል፣ ወሬውም ይረዝማል፤ ሳቁ፣ ታውቁታላችሁ። ያን ዕለት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ስም ጠይቁ። እናንተ ደብተር ላይ ያሰፈራችሁት እዚህ ያለነው ከጠፋብን ሊተርፍ ይችላል።

ብዙ ቆየሁባችሁ መሰለኝ። ነገ ጠዋት ስድስት ኪሎ እንገናኝ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ንፍሮ አለ፤ አክስቴ ባቄላውን ዛሬ ከሰዓት ዘፍዝፋዋለች። ከዚያ ብስኩት ካደልኩበት ዓመት ወዲህ አቋርጠን አናውቅም። ቄሱን ስሙን አላውቀውም ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አንተ ብቻ አታቋርጥ አሉኝ።

ዓምና ልጆቹ ሲሰለፉ አንዲት የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ እፍኟን ዘርግታ አልወስድም ብላ ቆመች። ለማን ነው አለችኝ። በስንት ዓመት የመጀመሪያዋ ናት። ለጋሼ ነው አልኳት። ጋሼ ማን አለች።

የአባቱን ስም ነገርኳት።